መንፈሱን የሸኘሁበት ሰሞን

እሑድ ከሰዓት

የ«ላይኛው ፎቅ» የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ጽሑፍ ትናንት ስቱዲዮ ደረሰልንና ቁጭ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። መጨረሻውን ለማወቅ ሰፈሩ እንቅልፍ አጥቷል፤ እማማ ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ ብሰዋል። እኔ አሁን አውቄዋለሁ። ማወቁ ግን እንዳሰብኩት ደስ አላለኝም።

ይህን ደብተር ማን እንደሚያነበው እንጃ፤ ለማንኛውም ድራማው እንዲህ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ሰውየው ሞተ እንጂ አልሄደም፤ መንፈስ ሆኖ ላይኛው ፎቅ ተቀምጧል። ከእሷ በቀር የሚያየው የለም። በየሳምንቱ ይነታረካሉ፤ መብራቱን ለምን አበራህ፣ መስኮቱን ለምን ከፈትሽ። ሴትዮዋ የምትናገረው በሰው አገር ቋንቋ ነው፤ እዚህ ስትታይ ግን ድምፅዋ የኔ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ቆሜ በሌላ ሴት ከንፈር እናገራለሁ።

እማማ አማቴ ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ባሌ ያረፈ ጊዜ ለጥቂት ቀን ሊያጽናኑኝ መጥተው በዚያው ቀሩ። መቼ ይሄዳሉ ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ ነውር ነው። ዛሬ ግን ሴት ልጃቸው ስትደውል፣ «ድራማው እንዳለቀ ነይና ውሰጂኝ፤ መጨረሻውን ሳላይማ ንቅንቅ አልልም» ሲሏት ሰማሁ። እኔ እንድሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር።

ቢሄዱ ጥሩ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው። መኝታ ቤቱ የእሳቸው፣ ሶፋው የኔ። ቀሚሶቼ የተሰቀሉት ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ስለሆነ የትም ብሄድ ሽንኩርት ሽንኩርት እሸታለሁ። ሰው አንዳንዴ እንኳ እግሩን ዘርግቶ መተኛት አለበት።

ረቡዕ ማታ

ድራማው የሚታይበት ቀን። እማማ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ድራማም የሚያዩት ፈተና እንደሚቆጣጠር ሰው ነው። ማሳል ክልክል፣ መነሳት ክልክል። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ የወጣልኝ ሕግ አለ፤ ሴትዮዋ ስትናገር እኔ መናገር አልችልም። «ድምፅሽ ከሁለት ቦታ ሲመጣብኝ ግራ ይገባኛል» ይላሉ።

ዛሬ ሴትዮዋ ራት ሳትበላ ተኛች። «ምን ሆና ነው የማትበላው? ከሳች እኮ!» አሉ ለቴሌቪዥኑ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩና «አንቺም ሾርባሽን ጨርሺ» አሉ። ሲያልቅ እንደ ልማዳቸው ነጥብ ሰጡ፤ ከአሥር አራት። ከአምስት በላይ ያገኘበትን ቀን አላስታውስም። እሳቸው ግን አንድም ክፍል አምልጧቸው አያውቅም።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ።

«ሰውየው ሥጋ ለብሶ ይመለሳል?»

«እማማ፣ እንዳልናገር ፈርሜያለሁ።»

«ማን ተናገሪ አለሽ? ጭንቅላትሽን ብቻ ነቅነቅ አድርጊልኝ።»

«ጭንቅላቴም ፈርሟል።»

«ይመለሳል» አሉ ለራሳቸው። «ባይመለስ ኖሮ ይሄን ሁሉ ጊዜ ደረጃ ሲያስወጡት ሲያስወርዱት አይከርሙም ነበር።»

ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ማድ ቤት ገባሁ። ፊቴን አይተው መጨረሻውን እንዳያውቁብኝ ነው።

ዓርብ፣ አውቶቡስ ውስጥ

በችኮላ። ቀኑን ሙሉ ቀረጻ። መንፈሱ ዛሬ ሆዱ ጮኸ። መንፈሱ ማለቴ ድምፁን የሚሰጠው ባልደረባዬ ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከኪሱ ብስኩት የማይጠፋ። ማይክሮፎኑ ጩኸቱን ቀለብ አደረገው። አዘጋጃችን ነጋ ጠባ «ጸጥታ!» ስለሚል ጸጥታ ነው የምንለው፤ እሱም ከመስታወቱ ማዶ ብድግ ብሎ «መንፈስ ሆድ የለውም!» አለ። መንፈሱ «ይሄኛው አለው» ብሎ መለሰለት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ፌርማታዬ ደረሰ።

ሰኞ

ትናንት መንፈሱ የቀረጻው ሰዓት መቀየሩን ሊነግረኝ ደወለ። እጄ ሳሙና ስለነበር ስልኬን እማማ አነሱት። ገና «ሄሎ» ከማለቱ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው አመጡልኝና «ሟቹ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

አውርቼ ስጨርስ አጠገቤ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ሚስት አለው?»

«አራት ልጆችም አሉት።»

«ተይው እንግዲህ።» ሻያቸውን ፉት ብለው ደግሞ፣ «እዚያ መሥሪያ ቤት ሌላ ሰው የለም?»

«እማማ!»

«ምን እማማ ትዪኛለሽ? ገና ልጅ እኮ ነሽ። አሮጊት በር በሩን እያየች በተቀመጠችበት ቤት ማን ደፍሮ ይገባል?»

ቀልዳቸውን ነው። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ያልሳቁት ሻይ አፋቸው ውስጥ ስለነበር ነው።

ሐሙስ

የባሌ እህት ደወለችልኝ። የእማማን ክፍል ቀለም አስቀብታለች፤ ሰማያዊ። መስኮቱ ወደ አትክልቱ ነው አለች። «ለእማዬም ጥሩ ነው፤ አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ። ብዙ ቻልሽን» አለችኝ። «እውነትሽን ነው» አልኳት። ቅን ሴት ናት። ለምን እንደተናደድኩባት አላውቅም። ሰማያዊ ቀለም ስለማልወድ ይሆናል።

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ምን ሆነሻል ስትለኝ ሌላ የምለው ስላልመጣልኝ «ቤቱ ጠቦኛል፤ መተንፈሻ አጣሁ» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እማማ አልሰሙም። ሳህን እያጠቡ ነበር፤ ውኃው ይጮኻል። አልሰሙም።

ቅዳሜ

ሰምተዋል መሰለኝ።

ጠዋት ገብቼ ሳይ ልብሳቸውን አልጋው ላይ ዘርግተው ያጣጥፋሉ። ድራማው ገና አላለቀም እኮ! «ምን ያስቸኩልዎታል?» አልኳቸው። «ማን ቸኮለ? ያረጀ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚሰናዳው» አሉ። ከዚያ የገዛ ቤቴን ያስጎበኙኝ ጀመር። የመስኮቱ መዝጊያ ከፍ ተደርጎ ነው የሚገፋው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ወደ ግራ ትንሽ መለስ ይደረጋል። እዚህ ቤት ከእሳቸው በፊት የገባሁት እኔ ነኝ ልላቸው ነበር፤ ግን የቧንቧውን ነገር አላውቅም ነበር።

«ቀሚሶችሽንም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ትሰቅያለሽ» አሉ። «ቤቱም ይሰፋልሻል።»

እንዲህ ብለው ፈገግ አሉ። «የለም እማማ፣ ይቆዩ» ማለት ነበር የነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ነገር ስለፈልፍ የምውል ሴት፣ የራሴ አንዲት ነገር አልወጣ አለችኝ። «እሺ» አልኳቸው። እሺ! ምኑን ነው እሺ ያልኩት? ለመሆኑ ምላሴን ለሰው አገር ሴት አከራይቼ ለራሴ ምንም ሳላስቀር ነው እንዴ?

ደግሞ እሳቸውም ልጃቸውን ናፍቀዋል። በሕይወት ያለችውን ልጃቸውን። የናፈቀን ሰው ይዞ ማስቀረት ደግ አይደለም። ይሄ ይበቃል፤ እንቅልፌ መጣ።

ማክሰኞ ማታ

የመጨረሻውን ክፍል ቀረጽን።

እዚህ ብጽፈው ውል ማፍረስ አይሆንብኝም መቼም። ሴትዮዋ ቤቱን ሸጠች። ቁልፉን ለገዢው አስረከበች። መንፈሱ ከላይኛው ፎቅ ለመጨረሻ ጊዜ ወርዶ በሩ አጠገብ ቆመ። ሥጋ አይለብስም፤ አይመለስም። ፊት ለፊት እያየችው «ሂድ፤ እኔ እችለዋለሁ» ትለዋለች። ይሄዳል። በቃ።

«ሂድ» ማለት አቃተኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነው። አንዴ ከከንፈሯ ቀደምኩ፣ አንዴ ዘገየሁ፣ አንዴ ደግሞ ድምፄ ከነጭራሹ ጠፋ። ጸጥታ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ለመነኝ፣ በመጨረሻ ሻይ አስመጣልኝ። እሱ ሻይ ካስመጣ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። መንፈሱ ብስኩቱን ወደ ኪሱ መለሰና «እኔን እያየሽ በይው» አለኝ። እሱን ሳይ ይባስ ብሎብኝ ቁጭ። እሱ ምን አደረገ፣ ብስኩት ከመብላት በቀር። በስንት መከራ አልኩት።

ከዚያ ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። በእኛ ሥራ ፊት ሲታይ ከንፈር መከተል ግድ ነው። ጀርባ ሲሆን ግን ነፃ ነን፤ ትንፋሽም፣ «እህ»ም፣ አንድ ሁለት ቃልም ብንጨምር የሚያውቅብን የለም። ጸጥታ በጆሮ ማዳመጫዬ «እዚህ ጋ አንድ ትንፋሽ ስጪኝ» አለ። ሰጠሁት። ከትንፋሹ ጋር ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ተከትሎ ወጣ፤ «ብቻዬን ቤቱ ይሰፋብኛል» አልኩ።

ጸጥታ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ። «ይሁን፤ አለፈ» አለ። መንፈሱ ብስኩቱን ከነማሸጊያው አቀበለኝ። ሁሉንም በላሁት።

ረቡዕ ጠዋት

ወይ ጉዴ! ጥርሴን ስፍቅ ነው የታወሰኝ። ሴትዮዋ ቤቱን ሸጣዋለች! ቁልፉንም አስረክባለች! የሸጠችው ቤት እንዴት ብሎ ነው የሚሰፋባት?

ለጸጥታ መደወል አለብኝ። ብደውል «ታዲያ ለምን አልሽው?» ይለኛል። ምን ልለው ነው? ነገ እደውላለሁ።

ዓርብ

አልደወልኩም። ዛሬ ወደ ጣቢያው ተላከ። ይሁና፤ ማን ልብ ይለዋል? የሚወዱት ሰው እየሄደ ስለ ቤት ስፋት የሚጨነቅ ተመልካች የለም።

ሰኞ

ሳምንቱ ሮጠ። ድራማው ከነገ ወዲያ ያልቃል፤ የባሌ እህት ቅዳሜ በመኪና ትመጣለች። እማማ ዛሬ መጋረጃውን አጠቡት። የሚሄድ ሰው መጋረጃ ያጥባል? «አቧራ አዝሎ ነው» አሉ። እርጥቡን ስሰቅል ወንበሩን ያዙልኝ።

ረቡዕ ማታ

አለቀ።

እማማ ዛሬ ከወትሮው ቀደም ብለው ነው የተቀመጡት፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው። እኔ ከጎናቸው ሆኜ የገዛ ድምፄን ስጠብቅ፣ ክስ እንደሚነበብበት ሰው ልቤ ይመታል። መንፈሱ ደረጃውን ሲወርድ «መጣ፣ መጣ፣ ሥጋ ሊለብስ ነው» አሉ። በሩ አጠገብ ቆመ። ሴትዮዋ ዓይኑን አየችውና በኔ ድምፅ «ሂድ» አለችው።

እማማ የራሳቸውን ሕግ ጥሰው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ምን አለች? ሂድ? ሂድ ነው ያለችው?» ቴሌቪዥኑን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «በገዛ አፍሽ!»

«እማማ፣ ጽሑፉ እኮ ነው እንዲህ...»

«ዝም በይ፤ ገና አላለቀም።»

ሴትዮዋ ዞረች። ጀርባዋ ብቻ ይታያል። ያቺ ነገር መጣች። ስቱዲዮ ውስጥ እንዲህ ጎልታ አልተሰማችኝም ነበር። እማማ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዘፈኑ አለቀ፣ ስሞቹ አለቁ፣ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ፤ እሳቸው አሁንም ያያሉ። ከዚያ ራሳቸው አጠፉትና «ደህና እደሪ» ብለው በራቸውን ዘጉ።

ነጥብ ሳይሰጡ ሲገቡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ተቀይመውኛል። ያባረረችው እሷ ሳትሆን እኔ መስያቸዋለሁ።

ሐሙስ

ዛሬ አገር ጠላኝ። የሕንፃው ጥበቃ በሩን ሳይከፍትልኝ «ምን በደለሽ ሰውየው? መብራት ከማብራት በቀር ምን አደረገ?» አለኝ። ዳቦ ቤት ያለችው ልጅ ዳቦዬን ፊቷን አዙራ ሰጠችኝ።

ፀጉር ሠሪዋ ብቻ በደስታ ፈክታለች። «ቤቱ ይሰፋብኛል ያለችውኮ ልትመልሰው ነው! ሁለተኛው ምዕራፍ ሊመጣ ነው!» አለች። ማድረቂያው ሥር የተቀመጡት ሴቶች አጨበጨቡ። አንዷ፣ ገዢው ራሱ መንፈሱ ነው ብላ ተነሣች፤ ሌላዋ፣ መንፈስ ምን ፊርማ አለው ብላ ሞገተቻት። ፀጉሬ ሳይደርቅ ወጣሁ።

ከሰዓት ጸጥታ ደወለ። «ሁለተኛ ምዕራፍ አለ ወይ እያሉ የጣቢያውን ስልክ አስጨነቁት። ያቺን ነገር የጻፋት ማን ነው?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር» አልኩት።

«ጉንፋን እንዲህ አይናገርም» ብሎ ዘጋው።

እማማ ቀኑን ሙሉ ስለ ድራማው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም አላነሣሁባቸውም።

ቅዳሜ



የባሌ እህት መንገድ ላይ ነኝ ብላ ደወለች። እማማ ካፖርታቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ሁለታችንም ግን እሱኑ ነበር የምናየው።

«ያቺ ሴትዮ ቤቱን ሸጣለች» አሉ።

«አዎ።»

«ቁልፉንም ሰጥታለች።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ የቱ ቤት ነው የሚሰፋባት?»

«ደራሲው ረስቶት ይሆናል።»

«ደራሲውን ተይው። አንቺ ለሥራ ስታለቅሺ ድምፅሽ ጥርት ያለ ነው፤ ስሰማሽ ከርሜያለሁ። ያቺን ስትያት ግን አፍንጫሽ ተዘግቶ ነበር። አፍንጫሽ የሚዘጋው እዚህ ስታለቅሺ ነው፤ ሶፋው ላይ፣ እኔ የተኛሁ ሲመስልሽ።»

«ጉንፋን...»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጉንፋን?»

ከንፈሯን የምከተላት ሴት የለችም፤ የሚሰጠኝ ጽሑፍ የለም። ፊት ለፊት አየኋቸውና «አይሂዱብኝ» አልኳቸው። እንዲህ ቀላል ነበር። ሳምንታት የፈጀብኝ ይሄ ነው።

እማማ ተቆጡ፤ በእውነት ተቆጡ። «እኔ እዚሁ ሶፋ ላይ፣ አጠገብሽ ተቀምጬ፣ በቴሌቪዥን ነው የምትነግሪኝ? አገር በሙሉ ከሰማ በኋላ? ጥበቃው እንኳ ከእኔ እኩል ነው የሰማው!»

«እርስዎስ? ድራማው ሲያልቅ እሄዳለሁ ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ድራማው!» እጃቸውን ወረወሩት። «እኔ እሱን ድራማ አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም። የሞተ ሰው ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ማየት ምኑ ደስ ይላል? የሞተ ሰው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ራሴ ነኝ የቀበርኩት። መቆያ ሰበብ ሆኖኝ ነው እንጂ። ባስረዘሙት ቁጥር ተመስገን ስል ነበር። ይኸው እሱም አለቀና ሰበብ አለቀብኝ። ደግሞ አንቺም ወጣት ነሽ፣ እንቅፋት ልሁንብሽ? ቤቱም ጠቦሻል።»

«እንዲያው አፌ ነው። ያለ ሰበብ ይቀመጡ።»

«ሰው ያመጣሽ እንደሆነስ?»

«ከአሥር ስንት እንደሚገባው እርስዎ ይነግሩኛል።»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ከምኔው ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላውቅም። ባሌ ካረፈ ወዲህ እሳቸው በራቸውን ዘግተው፣ እኔ ፊቴን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዙሬ ነበር የምናለቅሰው። ዛሬ አንገት ላንገት ተያይዘን፣ ድምፃችንን አውጥተን፣ ማን ሰማን አልሰማን ሳንል አለቀስን። ስሙን ጠራሁት። እሳቸውም ጠሩት። እስከ ዛሬ አንዳችን ሌላዋን እንዳናሳምም ብለን ስሙን እንኳ ቤት ውስጥ አናነሣውም ነበር።

የባሌ እህት አንኳኩታ መልስ ስታጣ በሩን ገፍታ ገባች። የመኪናዋን ቁልፍ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ምነው? ምነው? ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?»

እማማ ፊታቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ።

«አዎ» አሏት። «ወንድምሽ። ነይ፣ አጠገባችን ተቀመጪ።»